የሚያንሸራትት ሁሉ አይበረክትም፦ ልባጥ፣ የተወቀረ ገጽና የጎንደር አቧራ

አንድ የባጃጅ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ሲወርድ መካኒኩ ከማንኛውም መለኪያ በፊት ጣቱን ወደ ሲሊንደሩ ይሰዳል። ጥፍሩን ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች ይስባል። ጥፍሩ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ እዚያ ላይ እርከን አለ ማለት ነው። ከእርከኑ በላይ ያለውን ብረት የፒስተን ቀለበት ነክቶት ስለማያውቅ ዛሬም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ከእርከኑ በታች ያለው ግን ተበልቷል። ዝቅ ሲባል ደግሞ ፋብሪካው ሆን ብሎ የጫራቸው የተጠላለፉ ስስ መስመሮች ይፈለጋሉ። መስመሮቹ ጠፍተው ግድግዳው ፊት የሚያሳይ ከሆነ፣ ባለንብረቱ «ሲሊንደሩ እኮ ያበራል» ብሎ ይደሰት ይሆናል። መካኒኩ ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ለምን እንደሚነቀንቅ ማወቅ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ገንዘብ ያወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮት ተወዷል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው በከተማው የሚሽከረከረው አሮጌ ሞተር ከታሰበለት ዕድሜ በላይ እንዲያገለግል አስገድደውታል። ጎንደር ደግሞ ለሞተር የምትመች ከተማ አይደለችም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ዳገት ነው፤ በጋው ደረቅና አቧራማ፣ ክረምቱ ጭቃ ነው።

በዚህ መሀል የዘይት መሸጫ ሱቆች መደርደሪያ በትናንሽ ጠርሙሶች ተሞልቷል። «ሞሊ»፣ «ቴፍሎን»፣ «ሴራሚክ»፣ «ናኖ» የሚሉ ቃላት ተጽፎባቸዋል። ሁሉም የሚሰጡት ተስፋ አንድ ነው፦ ሰበቃ ይቀንሳል፣ ሞተር ዕድሜው ይረዝማል። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ተጣምረው ስለሚነገሩ የአንድ ነገር ሁለት ስም ይመስላሉ። እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ሰበቃ (የመንሸራተት ተቃውሞ) እና መበላት (የገጹ ማለቅ) የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ለጎንደር ባለ ባጃጅ፣ ባለ ወፍጮና ባለ አይሱዙ ደግሞ ትልቁ ወጪ ያለው በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ የሚሸጥለት ግን የመጀመሪያው ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ የቆየ የሒሳብ መዝገብ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1966 ፒተር ጆስት የተባሉ መሐንዲስ የመሩት ቡድን ለእንግሊዝ መንግሥት አንድ ዘገባ አቀረበ። ዘገባው ትሪቦሎጂ የሚባለውን የሰበቃ፣ የመበላትና በዘይት የማለስለስ ጥናት ስሙን ሰጥቶ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። እንደ ዘገባው ግምት፣ የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ ይህንን ዕውቀት በአግባቡ ቢጠቀምበት በየዓመቱ 515 ሚሊዮን ፓውንድ ያድን ነበር። የሚደንቀው ግን ድምሩ ሳይሆን ክፍፍሉ ነው። ከዚህ ውስጥ ሰበቃን በመቀነስ ከሚድነው ኃይል የሚገኘው 28 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከጥገናና ከመለዋወጫ 230 ሚሊዮን፣ ማሽን ተሰብሮ በመቆሙ ከሚደርሰው ኪሳራ 115 ሚሊዮን፣ ማሽኖች ረዘም ላለ ጊዜ በማገልገላቸው ደግሞ 100 ሚሊዮን ይድናል ተብሎ ነበር የተገመተው።

በዘመናችን የተሠራ ሌላ ስሌት ግን ነገሩን በተቃራኒው ያሳያል። ኬኔት ሆልምበርግና አሊ ኤርደሚር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ዓለም ከምትጠቀመው ኃይል 23 በመቶ ያህሉ በሚተሻሹ ገጾች ላይ ይጠፋል፤ 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ፣ 3 በመቶው ደግሞ የተበላውን ዕቃ ዳግም ለማምረት የሚውል ነው። ሰባት ለአንድ ያህል ሰበቃ ይበልጣል። ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ሁለቱም። ሆልምበርግና ኤርደሚር የቆጠሩት ጁል፣ ማለትም ኃይል ነው፤ ጆስት የቆጠሩት ገንዘብ ነው። አንድ የተበላ ኩሽኔታ ለማምረት የሚፈጀው ብረትና ኃይል ትንሽ ነው፤ ኩሽኔታው እስኪገኝ ድረስ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ የሚከርምበት ሳምንት ግን ትንሽ አይደለም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከዱባይ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ከተማ የጆስት ሒሳብ ይበልጥ ያስኬዳል።

አሁን ወደ ገጾቹ እንምጣ። ሰበቃ ስንል አንዱ ገጽ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚያጋጥመው ተቃውሞ ነው፤ የሚለካውም የተቃውሞውን ኃይል ለተጫነው ክብደት በማካፈል ነው፤ ውጤቱን የሰበቃ ቁጥር እንለዋለን። መበላት ስንል ደግሞ ከገጹ ተነቅሎ የሚሄደው ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን አርቻርድ ያስቀመጡት ቀላል ቀመር፣ የሚበላው መጠን ከጭነቱና ከተጓዘው ርቀት ጋር እንደሚጨምር፣ ከገጹ ጥንካሬ ጋር ደግሞ እንደሚቀንስ ይነግረናል። ቀመሩ ውስጥ ሰበቃ በስሙ አልተጠቀሰም። ይህ ተረስቶ የቀረ ነገር እንዳይመስለን።

ቴፍሎን ጥሩ ምስክር ነው። ሮይ ፕላንኬት የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1938 በአጋጣሚ ያገኘው ይህ ፕላስቲክ የሰበቃ ቁጥሩ ከ0.05 እስከ 0.1 ይደርሳል፤ ከደረቅ ጠጣር ቁሶች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ብቻውን ሲሆን ቶሎ ይበላል፤ እየተላጠ ከጓደኛው ገጽ ላይ ይለጠፋል፣ ያም ይረግፋል። ተስማሚ ማጠናከሪያ ሲጨመርበት የሚበላበት ፍጥነት እስከ ሺህ እጥፍ ሊወርድ ይችላል፤ የሰበቃ ቁጥሩ ግን ብዙም አይለወጥም። ሺህ እጥፍ የዕድሜ ልዩነት አለ፤ የሰበቃ ቁጥሩ ግን ስለዚህ ልዩነት የነገረን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

«ሞሊ» የሚባለው ሞሊብደነም ዳይሰልፋይድ ሌላ ተፈጥሮ አለው። ንጣፍ በንጣፍ ላይ የተደረበ ቁስ ሲሆን፣ ንጣፎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኃይል በጣም ደካማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። አየር በሌለበት የሰበቃ ቁጥሩ ከ0.05 በታች ይወርዳል፤ ሳተላይት የሚሠሩ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ ግን ቁጥሩ ወደ 0.15 ገደማ ይወጣል፣ በገጹ ላይ በስሱ የተቀባው ልባጥም ቶሎ ያልቃል። ግራፋይት በተቃራኒው እርጥበት ይፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች የጄኔሬተራቸው ካርቦን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ዱቄትነት ይለወጥባቸው ነበር፤ ምክንያቱ ሲፈተሽ ከላይ ያለው አየር ደረቅና ስስ በመሆኑ ግራፋይቱ የሚያስፈልገውን የውኃ ተን ማጣቱ ታወቀ። እንግዲህ አንዱ ደረቅ አየር ሲፈልግ ሌላው እርጥብ ይፈልጋል። የካቲት ላይ የደረቀ፣ ነሐሴ ላይ የራሰ አየር ባለባት ጎንደር «በጣም አነስተኛ ሰበቃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ደረቅ ልባጥ ሲቀርብልን፣ በየትኛው ወር ነው ብሎ መጠየቅ ቀልድ አይደለም።

ደረቅ ልባጥ ሌላም ጠባይ አለው፤ ከተፋቀ ተፋቀ ነው። ዘይት ወደተነሳበት ቦታ ተመልሶ ይፈስሳል፣ ልባጥ አይመለስም። የዚህ ታዋቂው ታሪክ የተፈጸመው ደግሞ ጭነት መኪና ላይ ነው። ናሳ ጋሊልዮ የተባለችውን መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ጁፒተር ላከ። በ1991 እንደ ጃንጥላ የምትዘረጋው ትልቋ አንቴና ልትከፈት ስትሞከር አንዳንድ ዘንጎቿ ከተቆለፉበት አልላቀቅ አሉ። የመርማሪዎቹ መደምደሚያ፣ መንኮራኩሯ ከዓመታት በፊት በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ መካከል በጭነት መኪና ስትመላለስ በንዝረቱ ምክንያት የመቆለፊያ ችንካሮቹ ደረቅ ልባጥ ተፍቆ አልቋል የሚል ነበር። ተልዕኮው በትንሿ አንቴና፣ ከታሰበው እጅግ ባነሰ የመረጃ ፍጥነት ተጠናቀቀ። ያ መንገድ አስፋልት ነው። ከጎንደር ወደ መተማ ሰሊጥ ለመጫን ከሚወርደው መኪና ጋር አላወዳድረውም፤ አንባቢ ራሱ ያወዳድር።

ለስላሳዎቹን ትተን ወደ ጠንካራዎቹ ልባጦች ስንመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። ቶርኖ ቤት ውስጥ ወርቃማ ቀለም ያለው የመሰርሰሪያ ጫፍ ያየ ሰው ቲታኒየም ናይትራይድ አይቷል፤ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህም የሚልቀው አልማዝ መሰል ካርቦን የሚባለው ልባጥ ሲሆን፣ በዘመናዊ ሞተሮች የፒስተን ቀለበት፣ የቫልቭ መግፊያና የናፍጣ መርጫ ላይ ይቀባል። ጠንካራም ነው፣ አንሸራታችም ነው። ሁለቱንም ሒሳብ በአንድ ጊዜ የሚያስታርቅ ብርቅ ነገር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የእርሱም ጠባይ ግን እንደ አሠራሩ ይለያያል፦ ሃይድሮጅን የበዛበት ዓይነት በደረቅ አየር ጎበዝ ነው፣ በእርጥብ አየር ይደክማል፤ ሃይድሮጅን የሌለበት ዓይነት ደግሞ በእርጥበት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ አርጎን (Argonne) የተባለው ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሠራው የካርቦን ልባጥ የሰበቃ ቁጥሩ እስከ 0.001 ወርዶ ዓለምን አስደንቆ ነበር፤ ቁጥሩ የተለካው በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅን ተሞልቶበት የሚሄድ ባጃጅ ደግሞ አላየሁም።

እነዚህ ልባጦች ከጠርሙስ አይፈሱም። አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ፣ በቁጥጥር ስር፣ በንጹሕ ብረት ላይ አቶም በአቶም ይነጠፋሉ። ስለዚህ ዘይት ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ሞተሩን «በሴራሚክ ይለብጣል» ሲባል መጠርጠር ተገቢ ነው። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ትልቅ የቴፍሎን ሞተር ማከሚያ ሻጭ ላይ፣ መበላትን ይቀንሳል የሚለውን ማስታወቂያውን የሚደግፍ ማስረጃ የለውም ብሎ ክስ መሥርቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። ሁሉም የዘይት ቅመም ከንቱ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚገኘው የዚንክ፣ የፎስፈረስና የድኝ ውሁድ በእርግጥ ይሠራል፤ ብረትና ብረት ሲፋተጉ በሚፈጠረው ግፊትና ሙቀት ተለውጦ ከማይክሮን አንድ አሥረኛ ያህል የሚሆን መከላከያ ሽፋን ይፈጥራል፣ ሲፋቅም መልሶ ይፈጥረዋል። ይህ ቅመም ግን ደረጃውን በጠበቀ የሞተር ዘይት ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። ዘይቱ ሲገዛ አብሮ ተገዝቷል።

ተጨማሪ ቅመም ደግሞ አንዳንዴ ይጎዳል። በዘይት የሚሟሟ አንድ የሞሊብደነም ቅመም አለ፤ ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ ሰበቃን በደንብ ይቀንሳል። አልማዝ መሰል ካርቦን ከብረት ጋር በተገናኘበት ቦታ ግን ይኸው ቅመም ሃይድሮጅን ያለበትን ልባጥ ቶሎ እንዲበላ እንደሚያደርገው በተደጋጋሚ ታይቷል። ሰበቃው ወርዶ መበላቱ ይጨምራል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ለክርክሬ አላገኝም።

ሌላው የማይወራለት ጉዳይ ጥገና ነው። የእኛ አገር ጋራዥ የቆመው በመሞረድ ላይ ነው። ሲሊንደር ሲበላ ወደ ማሽን ቤት ይሄዳል፣ ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊሜትር ይሰፋል፣ በዚያው ልክ የሰፋ ፒስተን ይገባለታል፤ በዚህ ሁኔታ አንዱ ሲሊንደር ሁለት ሦስት ዕድሜ ይኖራል። ግድግዳው ከኒኬልና ከሲሊኮን ካርባይድ በተሠራ ልባጥ የተሸፈነ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ግን ይህን አይፈቅድም፤ የልባጡ ውፍረት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስለማይበልጥ ሲሞረድ ተጠርጎ ይወጣል፣ ከስሩ ለስላሳው አሉሚኒየም ይቀራል። ፋብሪካው ረጅም ዕድሜ ሰጥቶታል፤ ሁለተኛ ዕድሜ ግን አልሰጠውም። መልሶ የሚለብጥ በሌለበት ከተማ ባለ ልባጡ ዕቃ ከተበላ የሚጣል ነው። ዕቃ ሲገዛ ይህ ልዩነት ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት ባይ ነኝ።

ወደ ተወቀረ ገጽ ልለፍ፤ ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ነው። ገጽን ማለስለስ ሰበቃን ይቀንሳል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ግን ገጽ ሥራ እንዲሠራ መወቀር እንዳለበት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የወፍጮ ድንጋይ ሲልስ እህሉን ከመፍጨት ይልቅ ያሞቀዋል፤ ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ነዳጅ ወይም መብራት ያለ ውጤት ይሄዳል። ያኔ ማሽኑ ቆሞ ድንጋዩ ይነሳና በመዶሻ ይወቀራል። የውቅሩ ጥልቀትም ሆነ ርቀት እንደ እህሉ ነው፤ ለጤፍ የሚሆነው ለበቆሎ አይሆንም። አንድ ለሁሉም የሚሆን ውቅር የለም የሚለው የቤተ ሙከራዎች ግኝት በወፍጮ ቤት በር ላይ አዲስ ዜና አይደለም።

ሲሊንደር ላይ የሚጫረው የተጠላለፈ መስመርም ውቅር ነው፤ ዓላማው ግን ዘይት መያዝ ነው። ቀለበቱ ሲያልፍ ዘይቱን ጠርጎ ይወስዳል፣ በጭረቱ ውስጥ የተቀመጠው ግን ይቀራል፤ በሚቀጥለው ምት ግድግዳውን የሚያርሰው እሱ ነው። መካኒኩ የሚያበራ ሲሊንደር ሲያይ ራሱን የሚነቀንቀው ለዚህ ነው። መስመሮቹ ሲጠፉ ዘይት የሚያድርበት ቦታ ይጠፋል፤ ቀለበቱና ግድግዳው በደረቁ ይገናኛሉ፣ ዘይቱም በአግባቡ ስለማይያዝ ወደላይ አልፎ ይቃጠላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ከዚህ የረቀቀው ደግሞ በሌዘር መውቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስራኤል የቴክኒዮን ተመራማሪው ኢዝሃክ ኤትሲዮን መንገዱን ካሳዩ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ገጹ ላይ ስፋታቸው 100 ማይክሮን ገደማ፣ ጥልቀታቸው 10 ማይክሮን ወይም ከዚያ ያነሰ ጎድጓዳ ነጥቦች በሥርዓት ይበሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ አንድ አምስተኛውን ወይም ያነሰውን ይሸፍናሉ። ሥራቸው ብዙ ነው። ዘይት ያጠራቅማሉ። የተነቀለ ብናኝ ይውጣሉ፤ ብናኙ በሁለቱ ገጾች መካከል እየተንከባለለ ከሚቧጥጣቸው ጉድጓድ ውስጥ ቢቀበር ይሻላል። በቂ ፍጥነት ሲኖር ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ዘይቱን ጨምቆ ገጾቹን የሚያራርቅ ትንሽ ግፊት ይፈጥራል።

«በቂ ፍጥነት ሲኖር» የሚለው ላይ ቆም እንበል። ጀርመናዊው ሪቻርድ ስትሪቤክ እ.ኤ.አ. በ1902 እንዳሳዩት፣ ሰበቃ በዘይቱ ዝልግልግነት፣ በፍጥነቱና በጭነቱ ይወሰናል። ፍጥነቱ ከፍ፣ ጭነቱ ዝቅ ሲል ገጾቹ በዘይት ላይ ይንሳፈፋሉ፣ አይነካኩም። ፍጥነቱ ወርዶ ጭነቱ ሲጨምር የዘይቱ ሽፋን ይሳሳል፤ ጉብታ ከጉብታ ይገናኛል፣ ሰበቃውም መበላቱም ያሻቅባል። ፒስተን ደግሞ በእያንዳንዱ ምት ጫፍ ላይ ለቅጽበት ይቆማል። እዚያ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ በላይኛው ጫፍ አጠገብ ደግሞ ግፊቱና ሙቀቱ ከፍተኛ ነው። ጥፍር የሚያደናቅፈው እርከን ሲሊንደሩ አናት አጠገብ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ተሳፋሪና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ የሚያቃስት ባጃጅ ከዚህ ደረቅ ግንኙነት የሚያገኘው ድርሻ ሜዳ ላይ ከሚሮጠው ይበልጣል።

የሌዘር ውቅር በደንብ የሚያገለግለው ገጾቹ ሰፊ ሆነው ትይዩ ሲንሸራተቱና ዘይት በበቂ ሲኖር ነው፤ የውኃ ፓምፕ ማሸጊያና የፒስተን ቀለበት ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ግንኙነቱ በነጥብ ወይም በመስመር በሆነበት፣ እንደ ኩሽኔታና እንደ ካምቢዮ ጥርስ ባሉት ላይ ግን ጥልቅ ጎድጓዳ ቀድሞውኑ ከአንድ ማይክሮን የማይበልጠውን የዘይት ሽፋን ሊያፈርሰው ይችላል። ጭነት የሚሸከመው ስፋት ስለሚቀንስም ደረቅ ግንኙነት በበዛበት ቦታ መበላቱ ይብሳል። ሌዘሩ ብረቱን አቅልጦ በጎድጓዳው ዙሪያ የሚተወው ጠርዝ ካልተስተካከለ ደግሞ ራሱ እንደ ሞረድ ይሠራል። በአንድ ጽሑፍ ውጤቱ ተአምር፣ በሌላው ጥፋት ሆኖ የሚነበበው ተመራማሪዎቹ ስለተሳሳቱ አይደለም፤ የለኩት የተለያየ ግንኙነት ስለሆነ ነው።

ልባጥና ውቅር ሲጣመሩ ግን ከሁለቱም የተሻለ ነገር ይገኛል። ጎድጓዳዎቹ ውስጥ ሞሊ ተሞልቶ ሲሞከር፣ ከላይ ያለው ልባጥ ሲፋቅ ከጎድጓዳው እየወጣ ይተካዋል፤ የልባጡ ዕድሜም በለሰለሰ ገጽ ላይ ከተቀባው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ከተፋቀ የማይመለሰው ደረቅ ልባጥ ቢያንስ ጥቂት ስንቅ ተቀመጠለት ማለት ነው። ከዚህ መስክ አንድ ነገር ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ሰበቃ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነም በመንገዳችን እንጥቀስ። ከደባርቅ ወደ ታች ሊማሊሞን የሚወርድ ሾፌር ነፍሱ የተንጠለጠለችው በፍሬን ሸራው ሰበቃ ላይ ነው። እዚያ የሚፈለገው ከ0.3 እስከ 0.5 የሚደርስ፣ በሙቀት የማይወርድ ቁጥር ነው። ኩሽኔታው ሲቀባ ግሪስ ፍሬኑን ከነካ ያ ሁሉ ጥበብ ገደል ነው።

አሁን አቧራው። ዘይት ሽፋኑ ጥቂት ማይክሮን ከሆነ፣ እጅግ የሚጎዳው አቧራ በዚያው መጠን ያለው ነው፤ ከዚያ የሚተልቀው መግባት ይቸግረዋል፣ የሚያንሰው ተንሳፍፎ ያልፋል። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ስለዚህ በዓይን የማይታየው ነው። ሲነቃነቅ «ንጹሕ ነው» የተባለ የአየር ፊልትሮ፣ ወይም በመጭመቂያ አየር ተነፍቶ የተቀደደ ፊልትሮ፣ ከማንኛውም ጠርሙስ ጥቅም በላይ ያሳጣል። ለስላሳ ልባጥ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ እንዲያውም ጠንካራ ብናኝ ለስላሳው ገጽ ውስጥ ሰርጎ ይቀመጥና ጓደኛውን ገጽ ይሞርዳል። የእኔ የቅደም ተከተል ምክር ይኸው ነው፦ በመጀመሪያ ፊልትሮና የጎማ ማያያዣው፣ ቀጥሎ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ዘይት በወቅቱ፣ ሞተር ሲወርድ ደግሞ ሲሊንደሩ በትክክል ተጭሮ ብናኙ በሳሙናና በውኃ እስኪጠራ መታጠቡ። በቤንዚን የታጠበ ሲሊንደር የጫሪውን ድንጋይ ብናኝ በጭረቱ ውስጥ ይዞ ይቀራል፤ አዲሱ ቀለበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአሸዋ ላይ ይሮጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ፣ ፋብሪካ ውስጥ የተለበጠ ቀለበት መግዛት ከጠርሙሱ ይሻላል።

ይህን በቁጥር ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ ደግሞ እሩቅ አይደለም። የፊልትሮና የመበላት ሙከራዎች በዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩት ከአሪዞና በረሃ በተወሰደ ደረጃውን የጠበቀ አቧራ ነው፤ አብዛኛው ሲሊካ፣ በተለይም ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ነው። የጎንደር ድንጋይ ግን ባዛልት ነው። ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ በተለምዶ አይገኝም፤ ያሉት ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን የተባሉ ማዕድናት ሞህስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 6 ገደማ ናቸው፣ ኳርትዝ 7 ነው። ሁለቱም ከሲሊንደር ብረት ይጠነክራሉ፣ ከጠነከረ የኩሽኔታ ብረት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ልዩነታቸው ወሳኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአሪዞና አቧራ የተሰጠ ደረጃ ለአዘዞ መንገድ ይበልጥ ጥብቅ ይሁን ወይም ይላላ የሚታወቀው ተሞክሮ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ ላይ በታወቀ ክብደት የሚጫን ሚስማር ነው፤ ጥሩ ቶርኖና የኃይል መለኪያ ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል። ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል፦ ከአዘዞ መንገድ ዳር የተወሰደ አቧራ በወንፊት ተነፍቶ፣ ገበያ ላይ ያለ ዘይት ከጠርሙሱ ቅመም ጋርና ያለ ቅመሙ፣ የተጫረና ያልተጫረ ብረት፣ የካቲት ላይ አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ። የሰበቃው ቁጥር ለብቻው፣ የተበላው ክብደት ለብቻው ይጻፍ። ሙከራውም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም፤ በዚህ መስክ የአንድ ጊዜ ውጤት ብዙ ጊዜ ያታልላል።